ሳይጠይቁ ገመድ መጣል

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ጽሑፌ ከኮምፒውተር ጀምሮ ቢቸናና ሞጣ ይደርሳል። ታገሡኝ።

ሥራዬ ሜይንፍሬም በሚባለው ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ሊነክስ መጫን ነው። ብዙ የዓለም ትልልቅ ባንኮች ሒሳባቸውን የሚያሠሩት በዚህ ዓይነት ማሽን ነው። ዲስኩ እንደ እርሻ ይለካል። 3390 የሚባለው የአይቢኤም ዲስክ፣ ሞዴል 3፣ 3,339 ሲሊንደር አለው፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር ደግሞ 15 ትራክ። የማሰናጃው ትእዛዝ ትራክ በትራክ እየሄደ በ4,096 ባይት ይሸነሽነዋል፣ የነበረውንም ሁሉ ይደመስሳል። ከዚያ ቢበዛ ሦስት ቦታ ይከፈላል። እንደ ላፕቶፕ እንደፈለጉ መቆራረጥ የለም።

ጣጣው ስሙ ላይ ነው። ሊነክስ ዲስኮቹን «ዳስድ ኤ»፣ «ዳስድ ቢ» የሚላቸው በመጡበት ተራ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ተራው ሊዛባ ይችላል። መታመን ያለበት እንደ 0.0.0200 ያለው የዲስኩ አድራሻ ነው። እኔ ስሙን አምኜ፣ «እርግጠኛ ነህ?» ሲለኝም አዎ ብዬ፣ የአንድ ባልደረባዬን የሦስት ሳምንት ሥራ አጠፋሁ። ቅጂ አልነበረውም።

ማታ ቢቸና ደውዬ ለአባባ ነገርኩት። «አሃ፣ ሳትጠይቅ ገመድ ጣልክ!» ብሎ ሳቀ።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ አመፀ፤ ሞጣና ቢቸና ከፊት ነበሩ። ገማቹ ሲመጣ ርስታችን ይለካል፣ ከተለካም ይወሰዳል የሚል ሥጋት ነበር። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሡ፣ የዓመታት ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

ብዙ ሰው ይህን «ዘመናዊነት ያልገባው ገበሬ» ብሎ ያልፈዋል፤ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አሁን አልስማማም። መለካትማ ያስፈልጋል፤ ያልተለካ ዲስክ ላይ ምንም አይጻፍም። ገበሬው ግን የጠየቀው ለካዩ ማን እንደሆነና ከልኬቱ በኋላ በመሬቱ ላይ ያለው ምን እንደሚሆን ነው። እኔ ያን ቀን ሁለቱንም አልጠየቅሁም።

አሁን ከማሰናዳቴ በፊት አድራሻውን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ባልደረባዬ ደግሞ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። ባለፈው ማክሰኞ አንዱ አልገጥም ስላለን ትእዛዙን ሳንሰጥ ወደ ቤታችን ሄድን።