ድፎ ዳቦ ይዘን ወደ ፏፏቴው

ክረምቱ እንደወጣ፣ መስከረም ላይ፣ ከጓደኞቻችሁ ጋር ወደ ደብረ ሊባኖስ ውጡ። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በጠዋት ከተነሣችሁ ሲመሽ ቤታችሁ ናችሁ። «የፖርቹጋል ድልድይ» በሚባለው የድንጋይ ድልድይ ሥር ያለፈው ውኃ ወደ ገደሉ ይወረወራል፤ ጭላዳዎች ሣር ይነጫሉ። በበጋ ግን ውኃው ይመነምናል።

ሚኒባስ በጋራ ተከራዩ፤ ምሳ ከቤት ቋጥሩ። እኛ መጀመሪያ «እኩል እናዋጣ» ብለን ነበር። ሥራዋን ያጣች ጓደኛችን «አይመቸኝም» አለች። ነገሩ ሲገባን፣ እሷ ዳቦ ልትጋግር፣ እኛ የመኪናውን ልንሸፍን ተስማማን። ፏፏቴውን እያየን የቆረስነው የእሷን ድፎ ነው። እናንተም መዋጮውን ከመወሰናችሁ በፊት፣ በእሱ ምክንያት ማን ሊቀር እንደሚችል አስቡ።