የጉለሌ ዳገትና የመሪ ትምህርት

አንባቢ ሆይ! የአዲስ አበባን ሰሜናዊ ጫፍ ለማየት የፈለጉ እንደ ሆነ ከስድስት ኪሎ በታክሲ ተነሥተው ሽሮ ሜዳ ላይ ይውረዱ፤ የቀረውን መንገድ ግን በእግርዎ ይውጡት። በግራና በቀኝ የሀገር ልብስ የሚሸጥባቸው ሱቆች ተደርድረው፥ ባለጥበቡ ቀሚስ በነፋስ ሲውለበለብ ያያሉ። ከፍ እያሉ ሲሄዱ ሱቁ ያልቅና ባሕር ዛፉ ይጀምራል፤ ትንፋሽም ያጥራል። ከላይ ከተራራው ራስ ላይ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም ትገኛለች። ጉለሌ ከዚያ ብርዳም ተራራ ሥር ጀርባዋን ለዳገቱ፥ ፊቷን ለከተማው ሰጥታ የምትኖር ሰፈር ናት።

ዛሬ የማጫውትዎ ግን ስለ ታሪኩም ስለ ልብሱም አይደለም፤ ስለ መታጠፍ ነው።

የእንጦጦ መንገድ ዳገቱን ፊት ለፊት አይጋፈጠውም፤ ወደ ግራ ሄዶ ይዞራል፥ ወደ ቀኝ ሄዶ ይዞራል። ጭነት የያዘ አይሱዙ ከዚህ መንገድ ወጥቶ ወደ አንዱ ጠባብ የመንደር መንገድ ሲገባ ቆም ብለው ይመልከቱ። ሾፌሩ መሪውን እስከ መጨረሻው ይጠመዝዛል፤ አፍንጫው ግን አጥሩን ሊነካ ይደርሳል። ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ድንጋይ ይዞ ከኋላ ጎማው አጠገብ ይቆማል። መኪናው ወደ ኋላ ተመልሶ እንደ ገና ይሞክራል። ይህ የሚሆነው ሾፌሩ ችሎታ አንሶት አይደለም፤ የፊት ጎማዎቹ ከተወሰነ ማዕዘን በላይ እንዳይዞሩ ተደርገው ስለ ተሠሩ ነው። በዳገት ላይ ወደ ኋላ መመለስ ደግሞ በሜዳ ላይ እንደ መመለስ አይደለም፤ ፍሬን ቢከዳ ከታች ያለው የሰው ቤት ነው።

የሰፈሩ ልጆች ይህን ነገር ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ለቅመው፥ ከጣውላ ጋር አያይዘው ቁልቁለቱን የሚወርዱባትን ጋሪ አይተው ይሆናል። የፊቱ አግዳሚ እንጨት መካከሉ ላይ በአንድ ቡሎን ተይዟል፤ ልጁም በሁለት እግሩ እየገፋ ይመራዋል። በጥቂቱ ሲያጥፈው ጋሪዋ ደኅና ትሄዳለች። አብዝቶ ሲያጥፈው ግን አንዱ ኩሽኔታ ወደ ፊት፥ ሌላው ወደ ኋላ ይሄድና የጣውላው ጎን ያለ ደጋፊ ይቀራል፤ ጋሪዋም ልጁን ይዛ ትገለበጣለች። ለዚህ ነገር ክርናቸው የተላጠ ምስክሮች አይጠፉም።

የአውሮፓ የፈረስ ሠረገላዎችም ይኸው ችግር ነበረባቸው። መፍትሔውን ያሰበው ጌኦርግ ላንከንስፐርገር የተባለ ጀርመናዊ ሠረገላ ሠሪ ሲሆን፥ ሩዶልፍ አከርማን በ1818 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት አስመዘገበለት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አግዳሚው በሙሉ ከሚዞር ይልቅ አግዳሚው ባለበት ይቆማል፤ እያንዳንዱ ጎማ ግን በየራሱ ቁርጭምጭሚት ላይ ይዞራል። ደግሞም በመታጠፊያው ውስጥ በኩል ያለው ጎማ አጭር ክብ ስለሚሄድ ከውጭው ይልቅ አብዝቶ መዞር አለበት። ዛሬም በጉለሌ የሚያልፈው አውቶሞቢል ሁሉ ይህንኑ ሐሳብ ተሸክሞ ይሄዳል።

አሁን ወደ ትንሿ መኪና እንምጣ። ከተማሪዎቼ አንዱ የቀጨኔ ልጅ ነው። ውጭ አገር የሚኖር አጎቱ በሬዲዮ ሞገድ የምትመራ፥ በአራቱም ጎማዋ እየቧጠጠች ድንጋይ የምትወጣ ትንሽ መኪና ላከለት። በሌላው ዓለም ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ እንዲህ ያሉትን መኪናዎች ይዘው በዓለት ላይ ይወዳደራሉ። ልጁም ከባሕር ዛፉ ሥር ባለው ድንጋያማ ስፍራ ሞከራት። መውጣቱን ትወጣለች፤ በሁለት ድንጋዮች መካከል መታጠፍ ግን አልሆነላትም። ወደ ክፍል ይዟት መጣና፥ «ቲቸር፥ መሪዋ ለምን አይበቃትም?» አለኝ። እኛም ፕሮትራክተር አውጥተን ለካን፤ ጎማዋ የሚዞረው 30 ዲግሪ ብቻ ነበር። በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት 31 ሳንቲ ሜትር ነው።

ከዚህ በኋላ ሥራው የጂኦሜትሪ ሆነ። ይህን ርቀት ለመታጠፊያው ማዕዘን ታንጀንት ቢያካፍሉት መኪናዋ የምትዞርበትን ክብ ራዲየስ ያገኛሉ። በ30 ዲግሪ 54 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በ40 ዲግሪ ግን ወደ 37 ይወርዳል። ዐሥር ዲግሪ ብቻ ሲጨመር ከክቡ ሲሶው ያህል ይቀነሳል ማለት ነው። ተማሪዎቼ ታንጀንት ለፈተና ብቻ የተፈጠረ መስሏቸው የኖሩ ናቸው፤ በዚያን ቀን ግን ከጥቁር ሰሌዳው ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠላቸው።

ታዲያ ዐሥሩን ዲግሪ ከየት እናምጣው? ልጁ መኪናዋን ፈቶ እንቅፋቶቹን አንድ በአንድ ፈለገ። የመጀመሪያው በቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለች ትንሽ የፕላስቲክ ጉብታ ናት፤ ጎማው ሲዞር ከአግዳሚው ጋር ትጋጫለች። እርስዋን በሞረድ ዝቅ አደረጋት። ሁለተኛው ጎማው ራሱ ነው፤ አብዝቶ ሲዞር ከመኪናዋ አካል ጋር ይፋተጋል። ሮንዴላ ጨምሮ ጎማውን ጥቂት ወደ ውጭ አወጣው። ሦስተኛው መሪውን የሚገፋው ትንሽ ሞተር ነው፤ ክንዱ አጭር ስለ ሆነ እስከ ዳር አያደርስም። ረዘም ያለ ክንድ ተገጠመለት። ነገር ግን ክንዱ እጥፍ ቢረዝም ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳልና፥ በልክ ማስረዘም ግድ ሆነ።

አራተኛውን እንቅፋት ሞረድ አያሸንፈውም። ጎማው እየታጠፈም ኀይል መቀበል ስላለበት በውስጡ ያለው ዘንግ መገጣጠሚያ አለው። በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ተራ መገጣጠሚያ 40 ዲግሪ ላይ ሲደርስ እኩል አይሽከረከርም፤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ከመካከለኛ ፍጥነቱ በሩብ ገደማ ይቀንሳል፥ ሁለት ጊዜም በሲሶ ገደማ ይጨምራል። ጎማውም ይንዘፈዘፋል። አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ የፎርድ ኩባንያ መሐንዲስ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በብረት ኳሶች የሚሠራ፥ ታጥፎም ፍጥነቱን የማያዛባ መገጣጠሚያ ያወጣው ስለዚህ ነበር። የእኛ መኪና ያለችው ግን ተራው መገጣጠሚያ ነው፤ ስለዚህ ልጁ 40 ዲግሪ ላይ ቆመ። የት እንደሚቆም ማወቁ ከሞረድ አያያዙ ይልቅ ደስ አሰኘኝ።

አንድ ነገር ሳልነግርዎ ማለፍ አልችልም። ሞረዱ የአያቱ ነበር፤ አያቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ቀጨኔ በሸክላ ሠሪዎቿ፥ በሸማኔዎቿና በብረት ሠሪዎቿ የታወቀች መንደር ናት። ልጁ ሞረዱን ከቦርሳው ሲያወጣ ከኋላ መቀመጫ፥ «ጠይብ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጥቂቶች ሣቁ። ልጁ ቀና ብሎም አላየ፤ ጆሮው ብቻ ቀላ። ሞረዱ ግን ከመስመሩ አልወጣም።

በዚያን ጊዜ ለክፍሉ ሁለት ነገር ነገርኋቸው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። አፄ ምኒልክ ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውን፥ ገበሬውንና ነጋዴውን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ ያስነገሩትም በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው። አውቶሞቢሉ ከገባ ወዲህ በአያሌ ሺህ ተባዝቶ ዳገቱን ሞልቶታል። አዋጁ ግን፥ እንዳያችሁት፥ ከአንድ ምዕት ዓመት በላይ አልፎት ገና ከኋላ መቀመጫ አልደረሰም አልኋቸው። ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ከሣቁት አንዱ ተነሥቶ መኪናዋን ያዘለት፤ ሲሞርድ እየተንቀሳቀሰች አስቸግራው ነበርና።

እንግዲህ ተማሪ ወይም የቢሮ ሠራተኛ የሆኑ አንባቢ ሆይ! በጉለሌ ሲያልፉ የልብሱን ጥበብ ብቻ አድንቀው የሸመነውን እጅ አይርሱ። ታናሽ ወንድምዎ መጫወቻውን በታትኖ ወለል ላይ ተቀምጦ ቢያገኙት አይቆጡት፤ ይልቅስ «የከለከለህ የትኛው ክፍል ነው?» ብለው ይጠይቁት። በትንሿ መኪና ውስጥ አራት እንቅፋቶች ነበሩ፤ ሦስቱ በሞረድ፥ በሮንዴላና በክንድ ተወገዱ፤ አራተኛው ብልሃተኛ መሐንዲስ ይጠብቃል። ያ መሐንዲስ ከጉለሌ እንዳይወጣ የሚከለክለው ምን እንደ ሆነ መፈለግ ደግሞ የእኔም የእርስዎም ሥራ ነው።