በሩን ከመክፈታችን በፊት

አባቴ በይፋት ቆላ ያረሱ ገበሬ ናቸው። ለእሳቸው ወፍ ማለት ግሪሳ ነው፤ ማሽላው ሲያሽት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ የሚያባርሩት ጠላት። ከአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ገዝቼ ሸዋ ሮቢት ስገባ የሽቦ ቤቷን አዩና «እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ ስናባርር የኖርነውን አንተ በገንዘብ ገዝተህ መጣህ?» ብለው ሳቁ።

የገዛኋት ለእህቴ ልጅ ነበር። ልጅቷ ገና በመጀመሪያው ቀን «ታስራ ታሳዝናለች፣ ፍታት» አለችኝ። አንጀቴ ተላወሰና ከፈትኩላት። የሸዋ ሮቢትን ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የጣሪያው ቬንትሌተር ከጠዋት ጀምሮ ይሽከረከራል። ወፏ ደንግጣ ሽቅብ በረረች። የሆነውን መዘርዘር አልፈልግም። ልጅቷ ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበርና አልፈረድኩባትም።

ሁለተኛዋን ስገዛ ግን ከመቸኮል በፊት ጠየቅኩ፣ አነበብኩ። ለካ አዲስ የመጣች ወፍ ወዲያው አትለቀቅም። አንድ ሁለት ሳምንት ቤቱን፣ ድምፃችንንና እጃችንን መልመድ አለባት። በሽቦው መካከል የማሽላ ዘለላ እያቀበልን ጠበቅን። ከእጃችን ሳትፈራ መብላትና ጣታችን ላይ መቆም ስትጀምር ቀኑ ደረሰ።

ቀጥሎ የክፍሉ ተራ ሆነ። ቬንትሌተሩ ጠፋ። በርና መስኮት ተዘጋ። የመስኮቱ መስታወት በመጋረጃ ተሸፈነ፤ ወፍ መስታወትን ክፍት ሰማይ መስሏት በሙሉ ጉልበቷ ትላተመዋለች። የውኃ ባልዲው ተከደነ፣ ድመቷ ወጣች። የወፍ ሳንባ ስስ ስለሆነ የቡናው ከሰልና ዕጣን በዚያ ክፍል ቀረ። ለወባ ትንኝ የሚረጨው መድኃኒትም እንዲሁ። የቴፍሎን መጥበሻ ሲያር የሚወጣው ጭስ ብቻውን በደቂቃዎች ሊገድላት ይችላል። አቮካዶም ለእሷ መርዝ ነው።

ከዚያ የሽቦ ቤቱን በር ከፈትን፤ ግን አልጎተትናትም። ሦስት ቀን ደጃፉ ላይ እየቆመች ወደ ውስጥ ተመለሰች። በአራተኛው ቀን ወጣች፣ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞረች፣ ቁም ሳጥኑ ላይ አረፈች። ምግቧ ውስጥ ስለነበር ሲርባት በራሷ ጊዜ ገባች።

ይህን ሁሉ ስናደርግ እህቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ታየን ነበር። የአጣዬ ሰው ናት። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 አጣዬ ስትቃጠል ልጇን አዝላ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸች። ከወራት በኋላ «ሰላም ሆኗል፣ ወደ ቀያችሁ ግቡ» ተባሉና ተመለሰች። ቤቷ ጣሪያ አልነበረውም። ዓመቱ ሳይሞላ፣ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ወደ ይፋት ሲወርድ፣ እንደገና ሸሸች። ወፏ ቁም ሳጥኑ ላይ ስታርፍ አይታ «እኛን ሲመልሱን እንኳ ይህን ያህል አልተዘጋጁም» አለች። መልስ አጣሁ።

ሰው ወፍ አይደለም፤ ማንም ሽቦ ውስጥ ከትቶ «ለራስህ ነው» ሊለው አይገባም። ተፈናቃይ በመጠለያ ይክረም እያልኩም አይደለም፤ አገሩ ይናፍቀዋል፣ መመለስም መብቱ ነው። እኔ የምለው በር መክፈት ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ ክፍሉን ማዘጋጀት ነው፦ ጣሪያው፣ ዘሩና በሬው፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው፣ ከጎረቤት ጋር በሽማግሌ ፊት የሚያልቀው ዕርቅ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚያስተኛው ጥበቃ። ያ ሳይሆን የተመለሰ ሰው ቁጥሩ በሪፖርት ያምራል፤ እሱ ግን ከቬንትሌተሩ ሥር ነው። ደጃፉ ላይ ቆሞ የሚያመነታውንም «እንቢተኛ» ከማለት በፊት ምን እንዳየ እንጠይቀው።

ዛሬም ወፏን ልንለቅ ስንል የእህቴ ልጅ ከሁላችን ቀድማ ወደ ጣሪያው ቀና ትላለች። «ጠፍቷል?» ትለኛለች። መጥፋቱን በዓይኗ ሳታረጋግጥ በሩን አታስከፍተኝም።