ሞያሌ ላይ ቡቲክ ሆቴል አለ ወይ?

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን የአንዷ የእህት ልጅ ከጣሊያን ደወለች። ከሥራ ጓደኛዋ ጋር አዲስ አበባ ድረስ መጥታ፣ ከዚያ በመኪና ወደ ናይሮቢ እንደምትሻገር ነገረችንና፣ «አክስቴ፣ ሞያሌ ላይ ዋጋው የማይከብድ፣ ቆንጆ ቡቲክ ሆቴል ትፈልጊልኛለሽ?» አለች። ስልኩ ድምፁ ተለቆ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። አክስትየው ሳታመነታ፣ «ቡቲክማ ሞልቷል እናቴ! ምን ዓይነት ልብስ ነው የፈለግሽው? ከኢስሊ በጅምላ እናስመጣልሻለን» ብላ መለሰችላት።

ልጅቷ እስክትንፈራፈር ሳቀች። እኛ ግን ምን እንዳሳቃት የገባን ቆይቶ ነው።

እኛ አምስት ሴቶች ነን፤ ሁለታችን ከሐዋሳ፣ ሁለታችን ከዲላ፣ አንዷ ከያቤሎ። ከኢትዮጵያ ቦሎቄ እናሻግራለን፤ ከናይሮቢ ጫማ፣ ብርድ ልብስና የፕላስቲክ ዕቃ እናመጣለን። ሞያሌ ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው ይህችን ከተማ ዝም ብሎ አያልፋትም፤ ያድርባታል። መኪና እስኪሞላ፣ ዕቃ እስኪፈተሽ፣ ገንዘብ እስኪላክ ይታደራል። ታዲያ ስለ ሆቴል የምናውቀው ጥቂት አይደለም። ቡቲክ የሚሉት ዓይነት ግን አልሰማንም ነበር።

ልጅቷ እንዲህ ብላ አስረዳችን። እ.ኤ.አ. በ1984 ኒው ዮርክ ውስጥ ሞርጋንስ የሚባል አነስ ያለ ሆቴል ተከፈተ። ከባለቤቶቹ አንዱ ትልልቆቹን ሆቴሎች ሁሉን ነገር አጭቀው ከሚሸጡ ግዙፍ መደብሮች፣ የራሱን ደግሞ ተመርጦ ከተደረደረ ቡቲክ ጋር አመሳሰለው ይባላል፤ ስሙ ከዚያ በኋላ ተስፋፋ። ይኼ ወዲያው ገባን። ከጅምላ ማከፋፈያና ከቡቲክ የትኛው ውስጥ ሻጩ ስምሽን እንደሚያውቅ ለነጋዴ አይነገርም። አውሮፓ ውስጥ አሁን ይህ ዓይነቱ ሆቴል ለሀብታም ብቻ አይደለም አለችን። አሮጌ ቤት፣ አሥር ክፍል፣ ባለቤቷ ራሷ ቁርስ የምታቀርብበት፣ ሰው ለሁለት ሌሊት ከከተማ ወጣ ብሎ የሚያርፍበት በልክ ዋጋ ይገኛል።

ከሁሉም የገረመን ግን «አልቤርጎ ዲፉዞ» ያለችው ነው። አልቤርጎ የሚለውን ቃል እኛም እናውቀዋለን፤ አባቶቻችን ርካሽ መኝታ የሚሉት በዚያ ስም ነው። ዲፉዞ ማለት የተበተነ ማለት ነው አለች። ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ፍሪዩሊ የሚባለውን የሰሜን ጣሊያን ክፍል የመሬት መንቀጥቀጥ መታው። ቤቶቹ በኋላ ሲጠገኑ ሰዉ ተመልሶ ያልገባባቸው ብዙ ነበሩ። ባዶ ከሚቀሩ ለእንግዳ ይዋሉ የሚል ሐሳብ መጣ። አዲስ ፎቅ አልተሠራም፤ አንዱ ክፍል በዚህ ቤት፣ ሌላው ክፍል በዚያ ቤት ሆኖ፣ እንግዳ መቀበያው አንድ፣ ቁርሱም አንድ ቦታ። መንደሩ በሙሉ ሆቴል ሆነ ማለት ነው።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ በየመንገዱ ያደርንባቸውን ቤቶች ስናነሳ አመሸን።

የመጀመሪያ ጊዜ ናይሮቢ የገባን ሌሊት «ሆቴሊ» ብለን ጠየቅን፤ አሳዩን። ገብተን ተቀመጥን፤ ሻይ በወተትና ቻፓቲ ቀረበልን። በላን፣ ከፈልንና «አልጋው በየት ነው?» ስንል አስተናጋጁ ግራ ገባው። ኬንያ ውስጥ ሆቴሊ ብዙውን ጊዜ ምግብ ቤት ነው፤ መኝታ የፈለገ «ሎጂንግ» ብሎ መጠየቅ አለበት። እኛ አገር ቡና ቤት ብለው አልጋ ያከራያሉ፤ እዚህ ሆቴል ብለው ሻይ ይሸጣሉ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ስሙን በማናነሳው አንድ ማደሪያ ግድግዳ ላይ ክፍል የሚለቀቀው በ10 ሰዓት ነው የሚል የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ አየን። ደስ አለን፤ እስከ 10 ሰዓት ገበያ ጨርሰን፣ ተጣጥበን፣ የማታውን አውቶቡስ እንይዛለን ብለን ወጣን። ስንመለስ ሻንጣችን ኮሪደር ላይ ተደርድሯል፤ የተጨማሪ ቀን ሒሳብም ተጽፎ ጠበቀን። ለካ የእነሱ 10 የእኛ ረፋድ 4 ሰዓት ነው። የሚገርመው በስዋሂሊ ሲናገሩ ሰዓታቸው ልክ እንደ እኛው ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓትን «ሳ ምቢሊ»፣ ሁለት ሰዓት ይሉታል። በእንግሊዝኛ ሲጽፉት ነው ስድስት ሰዓት የሚዞረው። ከዚያ ወዲህ የትም ስንገባ በስዋሂሊ እንጠይቃለን። የስልክ መሙያ ባለ ሦስት እግር ማስተላለፊያ መያዝንም የተማርነው ባትሪ ሞቶብን አንድ ደንበኛ ካመለጠን በኋላ ነው።

ሆቴል ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር በነበረበት ዘመን የሆነውንም አነሳን። አዲስ አበባ ፒያሳ ያለው ጣይቱ ሆቴል በ1898 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት ምግብ በገንዘብ መሸጥም መግዛትም ነውር ነበር። ሰው አልመጣ ሲል አፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው አሳዩ ሲባል እንሰማለን። እቴጌ ጣይቱ በስማቸው የተጠራውን ሆቴል ሲከፍቱ አሳባቸው መንገደኛ ዘመድ በሌለበት ከተማ የት ይብላ፣ የት ይደር ነው። የእኛም ጥያቄ እስከ ዛሬ ያው ነው። ጥሩ ማደሪያ ማለት ዘመድ በሌለሽ ከተማ ዘመድ የሚሆንሽ ቤት ነው።

ሞያሌ ኬንያ በኩል እንዲህ ያለ ቤት አለን። ባለቤቷን ሁላችንም «አኮ» እንላቸዋለን፤ በቦረና ቋንቋ አያት ማለት ነው። ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ቆርቆሮ ክዳን ያለው ግቢ ነው። ሦስት ክፍል፣ በየክፍሉ ሁለት አልጋ። ግድግዳው በየዓመቱ ኖራ ይቀባል። ወለሉ ላይ ሰሌን ይነጠፋል፤ መደርደሪያው ላይ ከሥራ ሥር የተጎነጎኑ፣ በጭስ የታጠኑ የወተት ዕቃዎች ተሰልፈዋል። ሞያሌ ውኃ የሚቸግርባት ከተማ ናት፤ እሳቸው ግን በየአልጋው አንጻር አንድ ጀሪካን ውኃ ሳያስቀምጡ አይተኙም። ጾመኛዋን ጾመኛ፣ ሰጋጇን ሰጋጅ ብለው ለይተው ያውቃሉ። አልጋው 400 ሺሊንግ ነው።

ከዋጋው በላይ ግን ዕዳ አለብን። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በኩል ባለው ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች ተተኩሶባቸው ሲሞቱና ሺዎች ድንበሩን ተሻግረው ሲሸሹ፣ ከመካከላችን ሦስታችን ዕቃችንን እዚያው ጥለን በባዶ እግር የገባነው አኮ ግቢ ነው። በስድስቱ አልጋና በግቢው መሬት ላይ ስንት ሰው እንዳደረ አልቆጠርንም። ስንት ሌሊት እንደቆየን እናውቃለን፤ አሥራ አንድ። ስንሄድ ሒሳብ ብንል፣ «የሸሸ ሰው አልጋ አይከራይም» ብለው እጃችንን መለሱት።

እንግዲህ የጣሊያኗ ልጅ በደወለች ሰሞን አኮ አንድ ነገር ነገሩን። አስፋልቱ ከገባ፣ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ጣቢያም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ከተመረቀ ወዲህ መጋዘን ተፈላጊ ሆኗል። አንድ ነጋዴ ሦስቱንም ክፍል ለዕቃ ማስቀመጫ በወር 12,000 ሺሊንግ ልከራይ ብሎ ልጃቸውን አነጋግሯል። ልጁም ተስማምቷል። «ከረጢት ውኃ አይጠይቅም፤ እኔም አርጅቻለሁ» አሉን። በዕድሜያቸው ልክ ተናገሩ፤ ምን እንበላቸው?

ማታውኑ ደብተር አውጥተን ቆጠርን። ባለፈው ወር አምስታችን ተደምረን 22 አልጋ ነው ያደርነው፤ 8,800 ሺሊንግ። ሌላ እንግዳ ብዙም አይመጣባቸውም። ስድስት አልጋ በ30 ሌሊት ሲባዛ 180 ነው፤ ከ180 ሌሊት 22ቱን ብቻ ይዘን ቤቱ የእኛ ነው እንል ነበር። አፈርን።

ከዚያ በሌላ በኩል ቆጠርን። ከተማው ውስጥ በሩ የሚዘጋ፣ አንሶላው ንጹሕ የሆነ ባለ ሁለት አልጋ ክፍል 1,400 ሺሊንግ ነው፤ ለአንድ ሰው 700። 22 ሌሊት በ700 ብናድር 15,400 ይሆናል። ስለዚህ አኮን 12,000ውን እኛው ብንከፍላቸው እንኳ 3,400 ይተርፈናል። የሌላውን እንግዳ ብናስገባ ደግሞ ሸክሙ ይቀላል።

አራታችን ተስማማን፤ የያቤሎዋ እምቢ አለች። «ድንበር ሲዘጋስ?» አለች። «በኮሮና ጊዜ ስንት ወር ነው ቤታችን የተቀመጥነው? ተኩስ ሲነሳስ? ላላደርንበት አልጋ ከልጆቼ ጉሮሮ ነው የምከፍለው?» መልስ አልነበረንም። ውለታን አንስተን ልንጫናት ሞከርን፤ እሷ ግን፣ «ውለታ በእቁብ አይመለስም፤ ተቆጥቶ የሚመለስ ውለታም የለም» አለችን። ሦስት ቀን ተኮራረፍን። አንድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠን አንነጋገርም ነበር።

በዚህ መሐል እንግዶቹ ደረሱ። አኮ ቤት አሳደርናቸው። ጠዋት የግመል ወተት ሻይና ማንዳዚ ቀረበ። የእህት ልጃችን ዙሪያውን አይታ፣ «ሰው አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣው ለእንዲህ ያለ ቤት ነው» አለች። ደረታችን ሲነፋ ወዲያው ቀጠለች። «ግን አጎበሩ ተቀዷል፤ ጓደኛዬን ቢምቢ በልቷታል። ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ጨለማ ነው፤ ብቻዋን የመጣች ሴት ሌሊት አትወጣም። መቀርቀሪያውም ከውስጥ አይይዝም። ቆንጆ ቤት ማለት መጀመሪያ ፍርሃት የሌለበት ቤት ነው።» እኛ ስንት ዓመት አድረንበት አንዱንም አላነሳነውም። ለካ እኛም ሌሊት ተያይዘን ነበር የምንወጣው።

ያን ቀን ዝምታውን የሰበረችው የያቤሎዋ ናት። «መቀርቀሪያውና መብራቱ ይሠራ፤ ውሉ ይጻፍ፤ ለሦስት ወር ብቻ ይሁን። ድንበር ከተዘጋ ውሉ ይቆም» አለች። ልክ ነበረች። እኛ በስሜት የተነሳንበትን ነገር እሷ ሥራ አደረገችው። ከእቁባችን የሦስት ወሩን 36,000 ሺሊንግ አወጣን፤ አኮም ልጃቸውን ጠርተው አስፈረሙ። ውሉን የልጅ ልጃቸው በአማርኛና በስዋሂሊ ጻፈችው። ሦስት አዲስ አጎበር፣ ሁለት የፀሐይ መብራት፣ ሦስት መቀርቀሪያ ገዛን። ውኃ ለመቅዳትና አንሶላ ለማጠብ የልጅ ልጅየው በክፍያ ገባች፤ አኮ ወንበራቸው ላይ ሆነው እንግዳ ይቀበላሉ።

አሁን ሦስተኛው ወር ላይ ነን። በመጀመሪያው ወር 31 አልጋ ተይዞ 12,400 ሺሊንግ ገባ፤ 400 ተረፈን። በሁለተኛው 19 አልጋ ብቻ ነበር፤ 7,600። በጠቅላላው 4,000 ጎደለን፤ ለአምስት ሲካፈል 800 ሺሊንግ፣ የሁለት ሌሊት አልጋ ማለት ነው። ድርሻዋን በኤም-ፔሳ ቀድማ የላከችው የያቤሎዋ ናት። ለምን ቀደምሽ ብለን አልጠየቅናትም፤ እሷም ምንም አላለችም።

ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ውሉን እናድሰው ወይስ እንተወው ገና አልወሰንም። ደብተሩ ይናገራል። የእናንተ አንድ ሌሊትም እዚያው ደብተር ላይ ይጻፋል። ጎረቤቶቻቸው ሁለት ቤቶች ደግሞ አንድ አንድ ትርፍ ክፍል እንዳላቸው ነግረውናል፤ የጣሊያኑን የተበተነ አልቤርጎ ሰምተው «እኛስ?» ብለዋል።

ሞያሌ ስትገቡ በባጃጅ ተራው አጠገብ ያሉ ሴቶችን «አኮ ጋ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያሳዩዋችኋል። አልጋው 400 ነው፤ መብራት አለው፤ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። ክፍል የሚለቀቀው ረፋድ 4 ሰዓት ነው፤ በእኛ ሰዓት። ካሪቡ፣ ቤት ለእንግዳ።