ትንፋሽም ይጎዳል

በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ በጎቢ በረሃ ጫፍ፣ ዱንሁዋንግ ከምትባል ከተማ አጠገብ ሞጋዎ የሚባሉ የቡድሃ እምነት የዋሻ ቤተ መቅደሶች አሉ። የመጀመሪያው ዋሻ የተፈለፈለው እ.ኤ.አ. በ366 ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል መነኮሳት፣ ነጋዴዎችና ባለጸጎች እየተተካኩ አስፈልፍለዋል፤ አሥለዋል። ሥዕልና ሐውልት ያለባቸው ዋሻዎች ብቻ 492 ናቸው። የግድግዳ ሥዕሉ ስፋት 45 ሺህ ካሬ ሜትር ይደርሳል።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ጥንታዊ ሥፍራዎች የሚያሳዩ ዘጋቢ ፊልሞችን አዘወትራለሁ። ሞጋዎን ግን እንደ ሌሎቹ አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተሣለው የ296ኛው ዋሻ ሥዕል ስለ በጎ ሥራ የሚናገር ነው። ሰዎች ዛፍ ሲተክሉ፣ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ፣ ለታመመ ሰው መድኃኒት ሲሰጡ ይታያል። ዕድሜዋን በነርስነት የፈጀች ሰው ይህን እንዴት ዝም ብላ ታልፋለች?

ይበልጥ ያሳሰበኝ የሥዕሎቹ ሕመም ነው። ግድግዳው እንደ እኛ አገር ምርጊት ጭቃና ጭድ ተለውሶ የተለሰነ ነው። በዓለቱና በጭቃው ውስጥ ጨው አለ። ብዙ ሰው ሲገባ በትንፋሹና በላቡ አየሩ ይረጥባል፤ ጨውም እርጥበቱን ስቦ ይሟሟል፤ አየሩ ሲደርቅ ተመልሶ ይጠጥራል። ይህ ሲደጋገም ልስኑ ይላላል፣ ቀለሙ ይረግፋል። በረሃው ከሺህ ዓመት በላይ ያቆየውን፣ ሊያደንቀው የመጣ ሰው ትንፋሽ ይጎዳዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ጠባቂዎቹ የጎብኚውን ቁጥር ወሰኑ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጎብኚው መጀመሪያ ከዋሻዎቹ ርቆ በተሠራ ማዕከል ፊልም ያያል፤ ከዚያ በአስጎብኚ እየተመራ ጥቂት ዋሻዎች ብቻ ይገባል።

ለእኔ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በሥራ ዘመኔ ከበሽተኛ አልጋ ዙሪያ ጠያቂ በማስወጣቴ ስንቴ «ጨካኝ» ተብያለሁ! እኛ ዘንድ የታመመን አለመጠየቅ ነውር ነው፤ ሰብሰብ ብሎ መሄድም ክብር ነው። ግን ትናንት ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን ሰው አሥር ጠያቂ ሲከበው አየሩ ይታፈናል፣ ተላላፊ በሽታም አብሮ ይገባል፣ በሽተኛውም እረፍት ያጣል።

ውድ አንባቢያን፣ በሽተኛ ስትጠይቁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ፤ ቶሎም ውጡ። ጉንፋን የያዘው በስልክ ይጠይቅ። ነርሷ «ይበቃል» ስትል ደግሞ አትቀየሟት፤ የምትጠብቀው የእናንተኑ ሰው ነው።