ቀንድና ሻኛ

የሰንጋን ዋጋ በቀንዱ ርዝመት የሚገምት ሰው ገበያ ላይ ባየሁ ቁጥር እገረማለሁ። የራያ ከብት ቀንደ ረጅም ነው፤ ግርማም አለው። ለሥጋ ግን እኔ ቦረናን አስቀድማለሁ፤ ቀንዱ አጭር፣ መልኩ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ወይም ግራጫ፣ ሻኛው ትልቅ፣ ከአንገቱ ሥር የሚንጠለጠለው ቆዳ ሰፊ፣ ጠባዩም ገራም ነው። ውሃ ጥምን ስለሚችል በቆላ ግጦሽ ይወፍራል። ከድንበር ማዶ ያሉ የኬንያ አርቢዎች ይህንኑ ዘር መርጠው በማራባት እ.ኤ.አ. በ1951 ማኅበር አቋቁመውለታል። በእኛው ቦረና ግን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ዝናቡ በተከታታይ ሲቀር እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር ከደጋ የመጡ ትንንሽ ላሞችን ሲተካ ዘሩ ይደባለቃል። ደህና ኮርማ የተረፈለት ሰው ባይሸጠው እወዳለሁ፤ ነገር ግን ልጆቹ እህል ሲያጡ ምን ያድርግ?