ኖራና ሞራ

ምጽዋ ስትነሳ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሽታዋ ነው። የምጽዋን ደሴት ከጥዋለት ጋር ከሚያገናኘው የድንጋይ መንገድ ዳር፣ ውኃው ሲሸሽ ጭቃው በሚገለጥበት ቦታ፣ ጀልባ ጠጋኞች የሻርክ ጉበት ዘይት ያቀልጡ ነበር። እናቴ ከዚያ በመጣሁ ቁጥር ሸሚዜን በር ላይ ታስወልቀኝ ነበር።

አባቴ ከደጋ ወርዶ ወደብ የተቀጠረ ሰው ነበር። በ1964 ዓ.ም. እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። እኛ የደገኛ ልጆች ዐይናችን በትልቁ ነገር ላይ ነበር፤ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር ሰንደቅ ደርድረው የሚቆሙትን ግራጫ የጦር መርከቦች ቆጥረን አንጠግብም። ከእግራችን ሥር የነበረውን የእንጨት ጀልባ ግን ስሙን እንኳ አናውቅም። አማርኛችን ታንኳ፣ ጀልባ፣ መርከብ ብሎ ያበቃል። የአገሩ ሰው ኋላው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የተቆረጠውን ሳምቡክ ይለዋል፤ በሁለቱም ጫፍ የሾለውን ዛሩክ፤ ከአንድ ግንድ የተቦረቦረውን ደግሞ ሁሪ። ባሕር ዳር ተቀምጠን የባሕሩን ቋንቋ አለመማራችን ዛሬም ይቆጨኛል።

እዚያ ዳር አንድ አሮጌ ሳምቡክ በጎኑ ተኝቶ ነበር። አንዱ ከቱርክ ዘመን የተረፈ ነው ይላል፤ ሌላው የመኖች ትተውት የሄዱት ነው ይላል። ልጆች ሁሉ «ዓሚ» የምንላቸውን አዛውንት ጀልባ ሠሪ ዕድሜውን ጠየቅኳቸው። መጥረቢያቸውን አስቀመጡና፣

«የትኛውን? የጎድኑን ነው የሳንቃውን?» አሉኝ።

እጄን ይዘው ዙሪያውን አዞሩኝ። ጎድኖቹ ግራር ነበሩ። ጀልባ ሠሪ በተፈጥሮው የጎበጠ ግራር ፈልጎ፣ ጉብጠቱን በዐይኑ ለክቶ ይቆርጣል፤ ጠማማ እንጨት ለጭነት ስለማይመች ሩቅ አይጓዝም። ስለዚህ ጀልባው የት እንደተወለደ የሚያስታውቀው ጎድኑ ነው፣ አሉኝ። ሳንቃው ግን ከሕንድ፣ ከማላባር ዳርቻ የመጣ ቲክ ነው፤ እሳቸው ሳጅ ይሉታል። በቀይ ባሕር ዳርቻ እንዲያ ያለ ረዥም ሳንቃ የሚወጣው ዛፍ የለም። ሳንቃውን ብቻ ያየ ሰው ጀልባው ሕንድ ነው የተሠራው ብሎ ይሳሳታል።

ምስማሮቹም ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንዳንዱ አራት ማዕዘን፣ ራሱ ሰፊ፣ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ነው፤ ሌላው ክብና አንድ ዓይነት፣ የፋብሪካ። ዓሚ የፋብሪካዎቹን በጣታቸው እየነኩ፣ የትኛው ሳንቃ በኋላ እንደተተካ አሳዩኝ። ከኋላ በኩል ለሞተር ዘንግ የተከፈተ ክብ ቀዳዳ ነበር፤ መሐል ላይ ደግሞ የሸራው ምሰሶ የሚቆምበት ጉድጓድ በዘይት ጠቁሮ እንዳለ አለ። በሸራ ተወልዶ በሞተር ያረጀ ጀልባ ነው። የቀይ ባሕር ሳምቡኮች ሞተር መግጠም የተስፋፋባቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በኤርትራ ዳርቻ 25,000 ቶን ያህል ዓሣ ይያዝ ነበር፤ ሞተሩም የገባው ዓሣው ገንዘብ ባመጣባቸው በእነዚያ ዓመታት ይመስለኛል።

ከውኃ መስመሩ በታች ጀልባው ነጭ ነበር። እንጨት የሚበላው የባሕር ትል እንዳይገባ ኖራና ሞራ ለውሰው ይቀቡታል። ኖራን እነሱም ኑራ ይሉታል። ያንን ስሰማ እንዴት እንደተደሰትኩ! ከዚያ ሁሉ ባዕድ ስም መካከል አንድ የእናቴን ቤት ቃል ያገኘሁ መሰለኝ።

መጨረሻ ያሳዩኝ ከታች፣ ከዋናው ግንድ አጠገብ ያለውን አንድ ሳንቃ ነበር። በጠርዙ በኩል ትንንሽ ቀዳዳዎች ተሰልፈዋል፤ ከፊሉ በእንጨት ተወትፏል። ትንሿ ጣቴን አስገቡልኝ።

«ይሄ በምስማር አልነበረም» አሉ፤ «ተሰፍቶ ነበር። ከሌላ ጀልባ የመጣ ነው።»

የተሰፋ ጀልባ! በኮኮናት ገመድ ሳንቃን ከሳንቃ ጋር ይሰፉት እንደነበር ነገሩኝ። ለምን እንደሆነም ጠየቅኩ። «ድንጋይ ሲመታው ይለመጣል እንጂ አይሰነጠቅም» አሉኝ።

ብዙ ዓመት ቆይቼ አዲስ አበባ ውስጥ የቢዛንታይኑን ታሪክ ጸሐፊ የፕሮኮፒየስን ጽሑፍ ሳነብ ያ ሳንቃ ፊቴ ድቅን አለ። በ6ኛው መቶ ዘመን፣ ስለ ዐፄ ካሌብ ጦርነት ሲጽፍ፣ የዚህ ባሕር ጀልባዎች በብረት ምስማር ሳይሆን በገመድ እንደሚያያዙ ይናገራል። ብረት የሚስቡ ዓለቶች ባሕሩ ውስጥ አሉ የሚለውን ወሬ አይቀበልም፤ የሮማ መርከቦች ብረታቸውን ይዘው በደኅና ይመላለሳሉና። ምክንያቱ ሕንዶችና ኢትዮጵያውያን ብረት ስለሌላቸው ነው ይላል። እኔ ግን ዓሚን አምናለሁ። ወደ ጥንቱ የአዱሊስ ወደብ ለጦር የሚሆን ብረት ይገባ እንደነበር ከእርሱ በፊት የተጻፈው «የኤርትራ ባሕር መርሐ ጉዞ» የተባለው ጽሑፍ መዝግቧል። ኮራል በሞላበት ባሕር ገመድ የመረጠ ሰው ብረት አጥቶ ብቻ አይመስለኝም።

ያ ሳንቃ የካሌብን ዘመን ያየ ነው ልል አልችልም። በኦማን በኩል፣ በዶፋር ዳርቻ፣ የተሰፉ ጀልባዎች እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ ዓሣ ያጠምዱ ነበር፤ ሳንቃው ከዓሚ ብዙም ላይበልጥ ይችላል። ሥራው ግን የጥንት ነው።

በ1969 ዓ.ም. ምጽዋን ለቅቀን ወጣን። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የከተማዋ ጦርነት በሬዲዮ ሲነገር ጎረቤቶቻችንን አንድ በአንድ እየጠራሁ አደርኩ፤ ዓሚም ከእነሱ መካከል ነበሩ። ጀልባ ከእንጨት ነውና በዚያ እሳት ውስጥ ስለ ሳምቡኩ ተስፋ አላደረግኩም።

ዓሚ የዚያን ሳንቃ ስም ነግረውኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ደግመው አስባሉኝ፤ እየዘለልኩ ወደ ቤት ስሄድም እላለሁ። አሁን ስሙ ጠፍቶብኛል። የቀዳዳው ጠርዝ ግን እንዴት እንደለሰለሰ፣ ገመድ እንዴት አድርጎ እንደሞረደው፣ ትንሿ ጣቴ ታውቀዋለች።